ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ላለ የዲግሪ ተማሪ ወደ ምርምር ላብ መግቢያው በየት ነው?

ኮዬ_02
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለተኛ ዓመት ባዮቴክኖሎጂ ነኝ፣ መኖሪያዬ ኮዬ ፈጬ። የኮርስ ላብ ሳይሆን ጥናት የሚሠራበት ላብ ውስጥ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የማስተርስ ምዝገባና የጠፋ መታወቂያ ብቻ ነው። የሚጠየቀው ማን ነው? ስንት ጂፒኤ ይፈልጋሉ? ግቢ ውስጥ ካልተገኘ ውጭስ ይቻላል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ፤ "ሞክሪ፣ ይሳካልሻል" የሚለውን ቤተሰብ ነግሮኛል።

ማስተር_ኬሚ
እህቴ፣ ማስታወቂያ አትጠብቂ፣ አይወጣም። በእኛ ግቢዎች አብዛኛው ላብ የዲፓርትመንቱ እንጂ የአንድ ፕሮፌሰር አይደለም። በሩ ላይ "ባዮኬሚስትሪ ላብ" ይላል እንጂ የእገሌ ላብ አይልም። በኮርስ ሰዓት የዲግሪ ተማሪ ይማርበታል፤ ከዚያ ውጭ ባለው ሰዓትና ቅዳሜ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) ይሠራበታል። ስለዚህ ላብ አትፈልጊ፤ ናሙና በዝቶበት እጅ ያጠረውን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ፈልጊ።

ይህ ሰው የት ይገኛል? መጀመሪያ ዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ የፕሮፖዛል ዲፌንስ (ተማሪ የጥናት ዕቅዱን አቅርቦ የሚጠየቅበት) ፕሮግራም ሲለጠፍ ፎቶ አንሺው። ዲፌንስ ብዙውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኋላ ተቀምጠሽ ስሚ። ፕሮፖዛሉ ያለፈለት ተማሪ በቀጣዮቹ ሳምንታት ናሙና መሰብሰብ ይጀምራል፤ ሰው የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። የመጨረሻ ዲፌንሱን የሚያቀርበው ግን ሥራውን ጨርሷል፣ ለምክር እንጂ ለሥራ አይሆንሽም። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሰኔ አካባቢ ሰው ሁሉ ጽሑፍ ላይ ተደፍቶ ሳለ "ላብ አስገቡኝ" ብለው ይመጣሉ።

ሁለተኛው መንገድ የድሮ ቴሲስ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ኦንላይን ተቀምጠዋል፣ የአንቺ ግቢ ደግሞ ላይብረሪው ውስጥ አለው። የምትፈልጊውን ርዕስ አውጪና በቀጥታ ወደ ምስጋና ገጹ ሂጂ። ማን እንዳማከረ፣ የትኛው ተቋም መሣሪያ እንዳስጠቀመ፣ ማን ናሙናውን እንዳስነበበ እዚያ ተጽፎ ታገኛለሽ። አምስት ቴሲስ ላይ የአንድ ቴክኒሺያን ስም ተደጋግሞ ከመጣ ያንን ላብ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው ማለት ነው። ድረ ገጽ ላይ የማይገኝ መረጃ ነው።

የላብ_ሰው
ማስተር_ኬሚ ያለው ልክ ነው፤ ቴክኒሺያኑን አትዝለሉት። ቁልፉ፣ የኬሚካል መዝገቡና የመሣሪያ ተራው እሱ ጋ ነው። መምህሩ "እሺ ትግባ" ቢል እንኳ ቴክኒሺያኑ ካላመነባት በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች። ሰላም ብሎ ገብቶ "በዚህ ሳምንት ማን እየሠራ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ግን ባዶ እጅ አትምጡ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስሌት ነው። 250 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለማዘጋጀት ስንት ግራም? (1 ግራም።) ከ96 በመቶ አልኮል 1 ሊትር 70 በመቶ ለማዘጋጀት ስንት ሚሊ ሊትር? (729፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ እስከ 1 ሊትር መሙላት።) ይህን ቆሞ መመለስ የማይችል ሰው ሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚታወቀው ኬሚካሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ግዢው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ቀጥሎ ፒፔት፣ ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚስበው መሣሪያ። ተጫኑ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ፣ ጫፉን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ንከሩ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጭኖ የሚስብ ሰው ሁልጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይወስዳል። ራሳችሁን ለመፈተን 1,000 ማይክሮ ሊትር የተጣራ ውሃ አሥር ጊዜ ሚዛን ላይ ጣሉ። በክፍል ሙቀት ወደ 0.997 ግራም መምጣት አለበት። አሥሩም ተቀራርበው ሁሉም ካነሱ ፒፔቱ ነው፤ አንዱ 0.97 አንዱ 1.02 ከሆነ እጃችሁ ነው።

አሁን ደግሞ መጽሐፍ የማይነግራችሁን ልጨምር። ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው መሣሪያ) "121 ዲግሪ፣ 15 ፒኤስአይ ግፊት፣ 15 ደቂቃ" ይባላል። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ እንኳ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ የእኛ አየር ሲሳሳ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት ወደ 117 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 18 ወይም 19 አካባቢ መሆን አለበት። እንደ ድስት የሚከደነው አሮጌ ኦቶክሌቭ ካላችሁ ቴርሞሜትሩን እመኑ እንጂ ጌጁን አትመኑ፤ ቴርሞሜትር ከሌለው ሙቀት የሚያሳይ ቴፕ ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አንብቡ። አየሩም እስኪወጣ ቫልቩን ክፍት አድርጉ፤ ታምቆ የቀረ አየር ካለ ግፊቱ ቢሞላም ሙቀቱ አይሞላም። "ሚዲያዬ (የጀርም ማሳደጊያዬ) ሁልጊዜ ይሻግታል" የሚል ተማሪ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ኮዬ_02
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኦቶክሌቩን ነገር ማንም አልነገረንም። ፒፔት መለማመጃ ከሌለኝስ?

የላብ_ሰው
ከኮርስ ላብ በኋላ 20 ደቂቃ ቆይተሽ በውሃ ተለማመጂ። ቴክኒሺያኑን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ጫፎቹንም ቁጠሪ።

ዶክ_አቃቂ
የአንድ ዲፓርትመንት መምህር ነኝ። ስለ ጂፒኤ ለጠየቅሽው፣ አንድ ወጥ መስፈርት የለም። እኔ የማየው አዝማሚያውን ነው፤ እየወረደ ያለ ውጤት ይዞ ላብ ልግባ የሚልን "መጀመሪያ ኮርስህን አስተካክል" እለዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪን አዲስ ማስጀመር ከባድ ሆኗል። የሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተርና ሦስተኛ ዓመት ነው ጥሩው ጊዜ። በጊዜ ነው የጠየቅሽው።

ኢሜይል ላይ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ከሚደርሱኝ አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው አይነበቡም። ረጅም ናቸው፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ" ይላሉ፣ የሚፈልጉትን ግን አይናገሩም። በእንግሊዝኛ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ይዘቱ ግን ይህን ይምሰል፦

"ርዕስ፦ የሁለተኛ ዓመት ባዮቴክ ተማሪ፣ በሳምንት 6 ሰዓት ለማገዝ።
ዶ/ር እገሌ፣ የሁለተኛ ዓመት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። በአቃቂ ወንዝ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ስላለ ከባድ ብረት የሠሩትን ጥናት አንብቤ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት የታጠበው የአፈር ብናኝን ለማስወገድ ከሆነ፣ ተመጋቢው ቤቱ ከሚያጥበው ጋር ውጤቱ እንዴት ይነጻጸራል? ማክሰኞና ሐሙስ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ነፃ ነኝ። ናሙና መመዘን፣ መለያ መጻፍና መረጃ ኤክሴል ላይ ማስገባት እችላለሁ። ናሙና በመሰብሰብ ላይ ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ካለዎት ቢያገናኙኝ ደስ ይለኛል። ግሬድ ሪፖርቴን አያይዣለሁ።"

ይኸው ነው። የሚያስመልሰው ጥያቄው ነው፤ ጥናቱን እንዳነበብሽ ያሳያል። የማያነብ ሰው እንደዚያ መጠየቅ አይችልም። አድራሻውን ከጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ውሰጂ፤ ብዙ መምህር የዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን የግል ኢሜይሉን ነው በየቀኑ የሚከፍተው፣ ጥናት ላይም ያንኑ ያሰፍራል። አንድ ሳምንት ጠብቂ፣ አንድ ጊዜ አስታውሺ፣ ከዚያ ቢሮ በር ላይ በተለጠፈው የምክር ሰዓት በአካል ሂጂ። ቴሌግራም ላይ ሳይፈቀድ "ሃይ ዶክ" ማለት አይመከርም። ያንኑ ደብዳቤ ስም እየቀያየርሽ ለአምስት መምህር አትላኪ፤ አንድ ላውንጅ ነው ሻይ የምንጠጣው።

ማስተር_ኬሚ
ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ብርጭቆ ማጠብ ነው። ብዙዎች "ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት" ብለው በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋሉ። ማጠብ ግን ሥራ ነው። በወንዝ ውሃ ውስጥ ፎስፌት የሚለካ ሰው ዕቃውን ፎስፌት ባለው ሳሙና ካጠበ የለካው ሳሙናውን ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚለካ ደግሞ ዕቃውን 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ያሳድርና በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቃል። አሲዱን ሲያዘጋጅም አሲድን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አይጨምርም። ለምን እንደዚያ እንደሚታጠብ የጠየቀ ተማሪ ዘዴውን ግማሽ በግማሽ ተማረ ማለት ነው።

ዶክ_አቃቂ
እስማማለሁ፣ ግን ገደብ ይኑረው። ማጠብ ብቻ አንድ ሴሚስተር ከሆነ ነፃ ጉልበት ነው እንጂ ሥልጠና አይደለም። ስትጀምሪ ከድኅረ ምረቃ ተማሪው ጋር በአጭር መልእክት ተስማሙ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሳምንት፣ በመጨረሻ የትኛውን ዘዴ ራስሽን ችለሽ ትሠሪያለሽ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ መለኪያ በራስሽ እጅ ካልሠራሽ በጨዋ ደንብ አመስግነሽ ሌላ ፈልጊ። በሳምንት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል፤ ከ10 በላይ የሚጠይቅ ካለ ኮርስሽን ይበላል።

ሰበታ_መስመር
ከግቢ ውጭ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል። እንዲያውም አዲስ አበባ ዳር ዳሩን በምርምር ተቋም የተከበበች ናት፣ ተማሪው ግን አራት ኪሎን ብቻ ያያል። ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትና የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አሉ። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከሉና ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከሉ አሉ፤ ቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ ላብ ውስጥ ማራባት) ለመማር ለባዮቴክ ተማሪ ከሆለታ የተሻለ አላውቅም። ቢሾፍቱ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጤፍ፣ ዱረም ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ላይ ይሠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። አለርት ግቢ ውስጥ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ ቲቢና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ ይሠራል። ፊዚክስ ለሚያጠና እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፕ ያለው ኦብዘርቫቶሪ አለ። ለኮዬ ሰው የሚቀርበው ቢሾፍቱ ነው፦ ቱሉ ዲምቱ ወጥቶ በዱከም መስመር። ሆለታ ግን ከተማውን አቋርጦ ስለሚኬድ በየሳምንቱ የሚያዛልቅ አይደለም፣ ለክረምት ይሁን።

አካሄዱ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ከዲፓርትመንት "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል የትብብር ደብዳቤ አጽፈው ይዘው ይዞራሉ፤ ያ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል፣ ማንም "የእኔ ነው" አይለውም። መጀመሪያ የሚቀበልሽን ተመራማሪ አግኝተሽ ተስማሚ። ከዚያ ደብዳቤው በቀጥታ ለዚያ ክፍል ይጻፍ፦ ሙሉ ስምሽ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዓመትና ዲፓርትመንት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በማን ሥር፣ ለምን ሥራ። ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን መኖሩን ከመውጣትሽ በፊት አረጋግጪ። በሁለት ቅጂ ውሰጂ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር አስመዝግበሽ ያዥ። "አልደረሰንም" ሲሉሽ የምታሳዪው እሱን ነው።

የሰው ደም ወይም አክታ የሚነካበት ላብ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አሁኑኑ ጀምሪ። ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ለክረምት የሚያስብ ሰው ጥር ላይ ካልጀመረ አይደርስም። የታማሚ መረጃ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቀደው ሰው ብቻ ነው የሚያየው፤ ፍላሽ ላይ ቀድቶ ቤት መውሰድ ከላብ ያስባርራል።

ኮድ_በሌሊት
ሁሉም ፒፔት ፒፔት አላችሁ። ላብ ማለት ጋውን ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምርምር ውስጥ የዲግሪ ተማሪ ቶሎ ይገባል፤ ኬሚካል አያልቅም፣ ቁልፍ አይለመንም። ሴንቲኔል 2 የሳተላይት ምስል በነፃ ይወርዳል፣ ምስሉ ላይ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ነው። የአቃቂ ቃሊቲና የገላን እርሻ በየዓመቱ እንዴት ወደ ሕንፃ እንደተለወጠ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠራም ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ስብስብ ለማንም ክፍት ነው። የቱሉ ዲምቱው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስና ሮቦቲክስ የልህቀት ማዕከል አለው።

ምክሬ አንድ ነው፦ መምህሩ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ከታተሙት ጥናቶቹ የአንዱን ግራፍ ከተለቀቀው መረጃ ራስሽ ደግመሽ ሥሪ። ካልገጠመ የት ላይ እንዳልገጠመ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ነፃ የኦንላይን ማሽን ስትጠቀሚ በየግማሽ ሰዓቱ ሥራሽን አስቀምጪ። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔት ቢቆረጥ ማሽኑ አንቺን አይጠብቅም፣ ይዘጋና ሁሉም ይጠፋል።

የገላን_ልጅ
ቴሌግራም ላይ "ላብ እናስገባለን፣ ጥናት ላይ ስም እናስገባለን" ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። እውነት ነው?

ዶክ_አቃቂ
አይደለም። ላብ ለመግባት ክፍያ የለም። ስም በገንዘብ የሚገባበት መጽሔት ደግሞ ማንም የማያነበው ነው፤ በኋላ የስኮላርሺፕ ማመልከቻሽ ላይ ሲታይ ይጎዳሻል። በደራሲነት ለመጠራት አራት ነገር ይጠየቃል፦ ለሥራው ሐሳብ ወይም መረጃ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ናሙና የመዘነ ምስጋና ገጽ ላይ ይገባል። ይህን ሥራው ሳይጀመር ጠይቂ፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ያጣላል። አበልም የሚኖረው መስክ ስትወጪና ፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ስምሽን ካስገባ ብቻ ነው።

ማስተር_ኬሚ
የላብ ማስታወሻ ደብተር ማንም አላነሳም፣ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግን ከእሱ ነው። ገጹ የተሰፋ ደብተር ግዢ እንጂ የሚቀዳደድ አይሁን። በእስክሪብቶ ጻፊ፣ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዢ፣ ፍሉድ አትቀቢ። ቱቦ ላይ ግን በተራ ማርከር አትጻፊ፤ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። ማቀዝቀዣው ውስጥ መለያ የሌለው ሰላሳ ቱቦ ካየሽ ታሪኩ ይኸው ነው። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈሽ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኚው።

ከሁሉም በላይ ሰዓትና ቀን። መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ያትማል፣ እኛ በሐበሻ እንጽፋለን። አንዱ ናሙናውን "3 ሰዓት ኢንኩቤተር (ሙቀቱ የተመጠነ የጀርም ማሳደጊያ) ገባ" ብሎ ይጽፋል፣ የጠዋቱን ማለቱ ነው። የሚያወጣው ልጅ የፈረንጅ መስሎት በማግስቱ ከሰዓት ያወጣዋል። 24 ሰዓት የተባለው 30 ሰዓት ይሆናል፣ ኮሎኒዎቹ (የበቀሉት የባክቴሪያ ክምችቶች) ተጋጥመው መቁጠር አይቻልም። "5/3" ብለሽ ብትጽፊም ኅዳር 5 ይሁን ሜይ 3 ማንም አያውቅም። ከላቡ ሰው ጋር በአንድ አቆጣጠር ተስማሙ፤ መሣሪያው የሚያትመውን መከተል ይቀላል። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የትኛው እንደሆነ ጻፊው።

የላብ_ሰው
ወርቅ ነው ያልከው። አንድ ላክልበት፦ ጋውን ስትገዙ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተሩ ይረክሳል፣ እሳት ሲያገኘው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሴንትሪፊዩጅ (ቱቦ በፍጥነት የሚያሽከረክረው መሣሪያ) ላይ ደግሞ ቱቦዎቹን ፊት ለፊት በክብደት አመጣጥኑ፤ "በዓይን እኩል ነው" አይሠራም፣ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ኮዬ_02
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዴ እንዲህ ነው፦ በዚህ ሳምንት የሰሌዳውን የዲፌንስ ፕሮግራም አያለሁ፣ አምስት ቴሲስ የምስጋና ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያ ለሁለት መምህር ኢሜይል እልካለሁ። ለክረምት ደግሞ ቢሾፍቱ ደብዳቤ አጽፋለሁ። ክትባቱንም ነገ ጤና ጣቢያ እጠይቃለሁ። የቀረ ነገር አለ?

ሰበታ_መስመር
ቢሾፍቱ ላይ ደብዳቤውን አታስቀድሚ። መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ደብዳቤ።

የላብ_ሰው
ቅዳሜ የምትሠሪ ከሆነ ለግቢው ጥበቃ የሚሰጥ የፈቃድ ወረቀት አርብ እስከ 10 ሰዓት አስፈርሚ። ቅዳሜ ጠዋት ዲፓርትመንት ማንም አይገኝም፤ ብቻሽንም ላብ ውስጥ አትሥሪ፣ ሁለተኛ ሰው ይኑር።